አላውቅህም የሚባለው ሰው

ፓዲሆር የደከመው ከመቅደድ አይደለም። መቅደድ ምን ያደክማል? ጸሐፊው በሬሳው ግራ ጎን ላይ በቀለም መስመር ያሰምርለታል፤ እሱ ጥቁሩን ባልጩት ይዞ መስመሩን ይከተላል፤ አለቀ። ያደከመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ሩጫው።

በግብፅ አገር፣ ከዋሴት ከተማ ማዶ፣ ፀሐይ በምትገባበት ዳርቻ፣ ሬሳ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁሉ ይከበራሉ። አንጀት የሚያወጣው ይከበራል፤ የበረሃ ጨው የሚነሰንሰው ይከበራል፤ በበፍታ የሚጠቀልለውማ ከካህን እኩል ይቀመጣል። ቀዳጁ ግን ያው ቀዳጅ ነው። የሰው ገላ በስለት ነክቷላ! ሳይቀደድ እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል፤ አንጀቱ ካልወጣ ሬሳው ይበሰብሳል፤ ገላው ከበሰበሰ ደግሞ ነፍስ የት ገብታ ታርፋለች? ይሁንና የቀደደ ሰው ጥፋተኛ ነው። ስለዚህ ባልጩቱን ይጥልና እግሬ አውጪኝ ይላል። የሟቹ ዘመዶችና አሁን አብረውት ሲሠሩ የነበሩት ባልደረቦቹ ድንጋይ እያነሡ ይከተሉታል። ከዘመድ ሁሉ የሚቀርበው ሰው «አንተ ማነህ? አላውቅህም!» ብሎ ይጮኽበታል። የወጋብን ባዳ ነው፣ ከኛ ወገን አይደለም ማለት ነው። ያኔ ጥፋቱ ከሬሳው ላይ ይነሣና ሯጩ ላይ ይጫናል፤ እሱም ተሸክሞት ይሄዳል።

ሳይባረር የቀረ እንደሆነስ? ቁስሉ ሟቹ ላይ ይቀራላ። የሙታን ንጉሥ ኦሲሪስ ፊት ሲቀርብ ዳኞቹ «ይህን ማን አደረገብህ? ወገን የለህም ወይ?» ይሉታል፤ የሚመልሰው ያጣል፤ በሩም አይከፈትለትም። እንግዲህ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ያወጣው ሰው አንድ ቀን እንኳ ሮጦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ፓዲሆር ሩጫውን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ አባቱም ከአባቱ። በጉብዝናው ጊዜ ድንጋይ አይደርስበትም ነበር። ጉልበት ግን ሳይሰናበት ነው የሚሄደው፤ ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መታጠፍ እምቢ ካለ ሰነበተ። ባልደረቦቹ ሰው ናቸውና ድንጋዩን በጎኑ አሳልፈው ይወረውሩለት ጀመር። ሁለቱ ጨው ነስናሽ ወንድማማቾች ጭራሽ የደረቀ ጭቃ ይመርጡለታል፤ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ፍርፍር ይላል። እሱም እያነከሰ ቦዩ ዳር እስካለው ሾላ ድረስ ይደርሳል። ሾላው ጋ ሲደርስ የሬሳ ማዘጋጃው ድንኳን አለቃ «ንጹሕ ነው! የነካው ሄዷል!» ብሎ ያውጃል፤ ቀዳጁ ደግሞ ፀሐይ እስክትገባ እዚያው ይቀመጣል። እስከዚያ ድረስ ማንም አጠገቡ አይደርስም፤ የደረሰ ሰው እንደሱ ይቆጠራል።

ሚስቱ ኢረትሩ ወንዙ ሞልቶ እርሻውን በያዘበት ሰሞን በንዳድ ሞተች።

የቀዳጅ ሚስት መሆን ቀላል አይምሰላችሁ። ኢረትሩ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን እየሰበሰቡ ይሄዱ ነበር። እሷ ታዲያ «አቤት፣ እንዴት ያለ ሰፊ ቦታ ለቀቁልኝ!» ብላ ትስቃለች። ቤት ገብታ ግን አትስቅም። ገበያም ስትሄድ ሽንኩርቱን መሬት ላይ አስቀምጠው ራቅ ይላሉ፤ ከእጃቸው ተቀብላ አታውቅም። እንዲህ ሆና ኖረች፤ እንዲህ ሆና አረጀች። ፓዲሆር አልቅሶ ሲያበቃ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚህ ሁሉ በር የተዘጋባት ሴት እዚያ እንኳ ቢከፈትላት።

የድንኳኑ አለቃ ነስሚን ነው፤ ሥርዓቱ ሲደርስ የሙታን ጠባቂውን አምላክ የቀበሮ ራስ ጭንብል የሚያጠልቀው እሱ ነው። ከፓዲሆር ጋር አብረው ሸብተዋል። ሐዘን ሊደርስ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ከገብቱ ከተማ አንድ ወጣት ቀዳጅ አለ» አለ። «ልላክበት። እግሩ ጤነኛ ነው፤ ሲሮጥ አይታይም።»

«እጁስ?»

ነስሚን ጢሙን አሻሸ።

«እጁስ አልኩህ?»

«ትንሽ... ትንሽ ያሰፋል።»

«እንግዲያው ምን ታወራለህ! ነጠላዋ ተቀደደ ብላ ስንት ቀን የምታኮርፍ ሴት ናት። ለባዳ አሳልፌ አልሰጣትም። እኔው ቀድጄ እኔው እሮጣለሁ።»

«በዚህ ጉልበት?»

«ሌላ ጉልበት አለህ የምታውሰኝ?»

ነስሚን የሚያውሰው አልነበረውም። የራሱም ጉልበት ከተበላ ቆይቷል።

ልጃቸው ታሚት መርዶው ደርሷት በማግስቱ በጀልባ መጣች። ከወለዷቸው ሁሉ የተረፈችላቸው እሷ ብቻ ናት። ታች አገር ለጀልበኞች ቤተሰብ ተድራለች፤ ባሏም፣ የባሏ ወንድሞችም እህል እየጫኑ ወንዙን የሚመላለሱ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። የተከበሩ ሰዎች ደግሞ የቀዳጅ ልጅ አያገቡም። ታሚት ታዲያ ምን አለች? አባቴ ጡብ ሠሪ ነበር፣ ልጅ ሳለሁ ሞተ አለቻቸው። ይህን አንድ አላፊ ጀልበኛ ሳያስበው ለፓዲሆር አውግቶታል። ፓዲሆርም ለኢረትሩ ነገራት። ሁለቱም ሰሙ፤ ሁለቱም ዋጡት፤ ልጃቸው በየዓመቱ ለእናቷ በፍታ ስትልክ አንድም ቀን አላነሡባትም።

አሁንም የመጣችው ከባሏ ታላቅ ወንድም ጋር ነው። ሰውየው ጀልባውን ቦዩ ዳር አስሮ እዚያው ቀረ፤ የሬሳ ድንኳን ማየት አይወድም። ታሚት ብቻዋን፣ ወደ አመሻሹ ላይ፣ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ቤት ገባች። አባቷን መሬት ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በሰሊጥ ዘይት ሲያሽ አገኘችው። አቅፋው ስታለቅስ ቆየች፤ ከዚያ ጉልበቱን አየችው።

«አባዬ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ጉልበት ነው።»

«ጉልበትማ እንዲህ አይሆንም! ነገ አትሩጥ።»

«ካልሮጥኩ ማን ይሮጥልኛል?»

«ትወድቃለህ።»

«እነሣለኋ።»

«ሬሳ ላይ ሬሳ ልታሳየኝ ነው?»

«ኧረ ባክሽ ልጄ፣ ደክሞኛል። ጀልባሽ ውስጥ ግቢና ተኚ፤ ሰውየው ይፈልግሻል።»

ታሚት አልተከራከረችም። ሻሿን ሳብ አድርጋ ወጣች። ፓዲሆር ወደ ጀልባዋ የሄደች መሰለው።

በማግስቱ ጠዋት ኢረትሩን በወንዝ ውኃ አጥበው ድንኳኑ ውስጥ አጋደሟት። ጸሐፊው፣ ራሱን ከፍ አድርጎ የሚሄድ ወጣት፣ ቀለሙን አጥቅሶ በግራ ጎኗ ላይ መስመር አሰመረ። ፓዲሆር ባልጩቱን ጨበጠ። ስንቱን ጎን ቀዷል፤ የባለጠጋውን ወፍራም ጎን፣ የሕፃኑን ስስ ጎን። ይህን ጎን ግን ያውቀዋል። ሌሊት ሲበርደው የተጠጋው ጎን ነው። የመጨረሻዋ ልጅ ሞታ ስትወለድ ደጋግፎ የያዘው ጎን ነው። እጁ ሥራውን ያውቃል። ልቡ ግን እንደ ሕፃን ነበር የሚያለቅሰው።

«ይቅር በይኝ፣ እቴ» አለ ቀስ ብሎ። ቀደዳት። አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ቅዳድ። ባልጩቱን ጥሎ ወጣ።

ፀሐዩ ዓይኑን አጥበረበረው። ጥርሱን ነክሶ መሮጥ ጀመረ፤ ሩጫ ከተባለ። ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ጠበቀ። አልመጣም። ትንሽ ሄደ። የለም። ጩኸትም የለም፤ እርግማንም የለም። ከኋላው የሚሰማው ዝንብ ብቻ ነው።

ቆመ። የሚሮጥ ቀዳጅ ዞሮ አያይም። ፓዲሆር ግን ዞሮ አየ።

ሁሉም ድንኳኑ ፊት ተደርድረው ቆመዋል። ጨው ነስናሾቹ፣ ጸሐፊው፣ ጠቅላዮቹ። እጃቸው ባዶ ነው።

«ምን ሆናችሁ?» አለ። «እጃችሁ ተቆረጠ?»

ነስሚን ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገው። ከቀበሮው አፍ ሥር የደከመ ሽማግሌ ፊት ብቅ አለ። «ሂድ ወንድሜ፣ ዕረፍ» አለው። «ዛሬ አንወረውርም። ሐዘንተኛ ነህ።»

«ዕረፍት የለመናችሁ ማነው?»

ፓዲሆር እያነከሰ ወደ እነሱ ተመለሰ። ድካሙ ወደ ንዴት ተለወጠበት፤ ያ ሁሉ ዓመት ሲሮጥ ያላወጣው ቃል ሁሉ አንድ ላይ መጣ።

«እናንተ ጨው ነስናሾች! ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል ሲባል አልሰማችሁም? ሁለታችሁንም አንሥቼ በወረወርኳችሁ!»

ታናሽየው ሳያስበው ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን ያዘ። ታላቁ «ኧረ ጋሼ ፓዲሆር፣ ስለ እናታችን ስለ ኢሲስ ብለህ ተው» አለ።

«አልተውም! አንተ ደግሞ፣ ጸሐፊው! ያሰመርከው መስመር ሰካራም የሄደበት መንገድ ይመስላል። አቅንቼ የቀደድኩት እኔ ነኝ። አባትህም ጎን ላይ አስምር ሲባል ጀርባ ላይ ያሰምር ነበር ወይ?»

የጸሐፊው ፊት ተለዋወጠ። ጎንበስ ብሎ ጠጠር አነሣ። ታላቁ ጨው ነስናሽ ክንዱን ለቀም አደረገው።

«ልቀቀው!» አለ ፓዲሆር። «ከሁላችሁም እሱ ይሻላል፤ ቢያንስ ይናደዳል። ነስሚን! ጭንብሉ ሥር ቆመህ ስታንኮራፋ ስንቴ ነው በክርኔ የጎሰምኩህ? የጸሎቱን ግማሽ እንደምትዘል ለሟች ዘመድ ሁሉ እናገራለሁ!»

«ተናገር» አለ ነስሚን። እንባው ጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። «ተናገር ወንድሜ። አንተ ላይ ድንጋይ አላነሣም። ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን?»

የነስሚን ዓይን ወደ ድንኳኑ ጥግ ሄደ። ታሚት እዚያ ቆማለች፤ ፀጉሯ ላይ አፈር ነስንሳ፣ ሻሿን አውልቃ ወገቧ ላይ አስራ።

ፓዲሆር ጉልበቱን ይዞ ወደሷ ሄደ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ትናንት ከቤት ወጥቼ እያንዳንዳቸው እግር ሥር ወደቅኩ። አባቴን አትውገሩብኝ አልኳቸው።»

«እናትሽስ?»

«እናቴ ትረዳኛለች።»

«እሷማ ትረዳሻለች! እሷ መቼ ያልተረዳችው ነገር አለ? በሩ ላይ ያሉት ናቸው የማይረዱት! ጎኗ ተከፍቶ፣ የከፈተው ሰው እዚህ ቆሞ ያወራል። ወገን የለሽም ወይ ሲሏት ምን ትበል? ልጄ አዝና ነው ትበል? ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው በር ውጭ ነው የቆመችው። እዚያም ትቁም?»

«ድንጋዩን እሺ» አለች ታሚት። «ከፈለግህ ጠጠር እወረውራለሁ። ቃሉን ግን አልችልም። ያን ቃል አልልህም አባዬ፤ ምላሴን ቁረጠው።»

ያኔ ገባው። ልጅቱ ያዘነችው ለጉልበቱ ብቻ አልነበረም። ፓዲሆር ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ጊዜ ብለሽዋል እኮ፣ ልጄ።»

ታሚት ደነገጠች። ዓይኗ ወደ ቦዩ፣ ወደ ጀልባው ሄደና ተመለሰ። «ማን ነገረህ?»

«ወንዝ የማያመጣው ወሬ የለም። የቆየ ነገር ነው።»

«እናቴስ? እናቴም ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር። እሰይ ነው ያለችው። ልጄ ውኃ ስትቀዳ እንስራ የሚሰበስብባት የለም አለች። አንድ ቀን ሙሉ ስትዘፍን ዋለች።»

ታሚት ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ እንደ ቆሰለ ሰው አቃሰተች። ፓዲሆር ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ እጁ የቀዳጅ እጅ መሆኑ ትዝ አለውና መለሰው።

«ያኔ ለራስሽ ብለሽ አልሽው» አላት። «ቅር አላለኝም አልልም፤ ብሎኛል። ግን አልፈረድኩብሽም። ዛሬ ለእሷ ብለሽ በይው። ከልብሽ በይው፤ የውሸት ከሆነ እዚያ አይሰማም። እኔም ብዙ መቆም አልችልም፤ ደክሞኛል።»

ዞረና መራመድ ጀመረ። ከኋላው ምንም አይሰማም። አንድ፣ ሁለት እያለ እግሩን ይጎትታል፤ በልቡ ኢረትሩን «ልጅሽ እኮ ግትር ናት፣ ካንቺ ነው የወረሰችው» ይላታል። አበቃ፣ አልሆነም ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ድንጋዩ መጣ።

ጭቃ አይደለም፤ ድንጋይ ነው። ከጆሮው በላይ አገኘው። ደሙ ሞቅ ብሎ ወደ አንገቱ ወረደ።

«አንተ ማነህ?» የታሚት ድምፅ ነው። ተሰነጣጥቋል። «የእናቴን ጎን የከፈትክ፣ አንተ ማነህ? አላውቅህም! አላውቅህም! ድራሽህ ይጥፋ፣ አላውቅህም!»

ፓዲሆር እንደዚህ ያለ ጩኸት ከማንም ዘመድ ሰምቶ አያውቅም። ጀርባው ላይ ከሰፈረው ሁሉ የከበደው ይህ ነበር፤ ግን ደስ አለው። እውነት ነው፤ ደስ አለው። ሮጠ።

የሌሎቹም እጅ ተፈታ። ድንጋይ ጎኑን፣ ወገቡን፣ ተረከዙን መታው፤ ጨው ነስናሾቹ እያለቀሱ ወረወሩ፤ ጸሐፊው ሳያለቅስ ወረወረ። ነስሚን በጭንብሉ ውስጥ የሚያውቀውን እርግማን ሁሉ አወረደ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ጉልበቱ ከዳውና በአፍጢሙ ተደፋ። ከኋላው አንድ ሰው «ወይኔ!» አለ። ሊያነሣው የሚመጣ ቢኖር ሁሉም ነገር ይበላሽ ነበር፤ ፓዲሆር በክርኑ ተነሣ፤ ትንሽ ዳኸ፤ ቆመ፤ እንደገና ወደቀ። ታሚት «አላውቅህም!» ማለቷን አላቋረጠችም። እሱ ሲወድቅ ድምፅዋ ይሰበራል፤ እሱ ሲነሣ ይነሣል። በመጨረሻ እጁ የሾላውን ግንድ ነካ።

«ንጹሕ ናት!» የነስሚን ድምፅ ከድንኳኑ በኩል መጣ። «የነካት ሄዷል! ንጹሕ ናት! የሙታን አገር ምዕራብ ሆይ፣ በርሽን ክፈቺላት!»

ፓዲሆር ግንዱን ተደግፎ ቁጭ አለ። የሚፈልገው ይህን ነበር፤ ሰማው። አሁን ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ዓይኑን ጨፈነ፤ ትንፋሹ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ድንኳኑ ውስጥ የሥርዓቱ ዜማ ተጀመረ፤ ዘመድ ሁሉ የሚገባበት ሰዓት ነው። ታሚትም ገብታ በእናቷ ራስጌ መቀመጥ አለባት።

የእግር ኮቴ ሰማ። ዓይኑን ሲገልጥ ልጁ በሜዳው መሃል ብቻዋን እየመጣች ነው። እጇ አቧራ ነው፤ ፊቷ በእንባና በአፈር ጨቅይቷል።

«ተመለሺ!» አለ ፓዲሆር፤ ድምፁ ግን አልወጣለትም። «ፀሐይ አልገባችም! ከእኔ ጋ ከደረስሽ ድንኳኑ አያስገቡሽም፣ ተመለሺ!»

መምጣቷን ቀጠለች።

ጀልባው የታሰረው ከሾላው ራቅ ብሎ ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም ጩኸቱን ሰምቶ ተነሥቶ ነበር፤ ገመዱን እንደያዘ ደሙ የሚወርደውን ሽማግሌ ያያል፣ ታሚትን ያያል።

«አንቺ ታሚት!» አለ። «አብደሻል? ራቂ ከሱ፣ ቀዳጅ እኮ ነው! ያረክስሻል! ምን ያንቺ ነው?»

ታሚት ሾላው ሥር ደረሰች። ሻሿን ከወገቧ ፈትታ የአባቷን ጭንቅላት፣ ራሷ የፈነከተችውን፣ ጠበቅ አድርጋ አሰረችለት። ከዚያ ወደ ጀልባው ዞረች።

«አባቴ ነው» አለች።

«ሞቷል አላልሽንም ወይ?»

«ዋሽቼ ነው።»

ሰውየው ምራቁን ወደ ቦዩ ተፋና ገመዱን ከችንካሩ ይፈታ ጀመር።

«ጀልባው ሊሄድብሽ ነው» አለ ፓዲሆር።

«ይሂድ።»

«ባልሽስ?»

«ከፈለገኝ መንገዱን ያውቀዋል።»

ፓዲሆር ሊቆጣት አፉን ከፈተ። ስለ እንስራው፣ ስለ ውኃው፣ እናቷ አንድ ቀን ሙሉ ስለ ዘፈነችበት ነገር ሊነግራት ፈለገ። አቅም አልነበረውም። ታሚት አፈሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እሱም ጥላው እንዲበቃት ትንሽ ፈቀቅ አለላት።